ፍጥረትን አይቶ ፈጣሪን ማወቅ፤ ከአዲስ ዓለም እስከ ወንጪ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፎ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አምቦ ይገባል። ከአምቦ ወደ ደቡብ ቢታጠፉ ወንጪ ነው፤ ወደ ምዕራብ ቢቀጥሉ ጉደር። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ እሳት የከፈተው ተራራ፣ ከዓለት ሥር እየፈላ የሚወጣ ውኃ፣ ጥንታዊ ጫካ፣ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት የቀረች ወፍ፣ ግድግዳቸው በሥዕል የተሸፈነ አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። ሥነ ፍጥረትን የሚያስተምር መምህር በምዕራብ ሸዋ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም።

ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ወንጪ ሐይቅን ለማየት መውረድ፣ ጭሊሞ ጫካ ገብቶ መዋል፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት ቆሞ መመልከት መንፈሳዊ ነገር ነው ወይስ ሥጋዊ ሽርሽር? ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ሲሰጥ ይሰማል፤ ሁለቱም ስሕተት ነው። አንዱ «ዓለም ኃላፊ ናት፤ ተራራና ወፍ ለነፍስህ ምን ይረባሃል?» ይላል። ሌላው በምንጩና በዛፉ ፊት እስከ መንበርከክ ያደርሳል። የፊተኛው ፍጥረትን ይንቃል፤ የኋለኛው ያመልካል። ቤተ ክርስቲያን ግን ፍጥረት መልካም ነው፣ አስተማሪ ነው፣ በሰው እጅ የተቀመጠ አደራም ነው ብላ ታስተምራለች። ይህን በዝግታ እንየው፤ ችኮላ የሚወድ ትምህርት አይደለም።

መሠረቱ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ነው። እግዚአብሔር ዓለምን የፈጠረው እምኀበ አልቦ ነው፤ ማለትም ቀድሞ ከነበረ ነገር ወስዶ አልጀመረም። ያስገደደው የለም፤ የጎደለውም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ካለው ነገር ሌላውን እያስገኘ፣ የሠራውንም መልካም እንደ ሆነ እያየ ስድስት ዕለታት ፈጸመ። ቤተ ክርስቲያናችን መጽሐፈ ኩፋሌን ይዛ ፍጥረታቱን 22 ብላ ትቆጥራለች። እሑድ ስምንት ናቸው፤ አራቱ ባሕርያት ማለትም እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት፣ ከእነርሱም ጋር ጨለማ፣ ሰባቱ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን። ሰኞ ጠፈር ብቻ ነው። ማክሰኞ በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱና በምሳር የሚቆረጡ ዕፅዋት ሦስት ሆነው ተቆጠሩ። ረቡዕ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት ናቸው። ሐሙስ ከውኃ የወጡት በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩና በክንፍ የሚበሩ። ዓርብ ደግሞ እንደዚሁ ሦስት ወገን ከምድር፣ አራተኛው ሰው።

ስለ ምን ይቆጠራል ቢሉ፣ አንዱም በድንገት ያልተገኘ፣ እያንዳንዱ ታስቦና ተፈቅዶ የመጣ መሆኑን ለማሳወቅ ነው። ሰውስ ስለ ምን በመጨረሻ ተፈጠረ ቢሉ፣ ለክብሩ ነው፤ ቤቱ ተሰናድቶ፣ ማዕዱ ቀርቦ እንደሚጠራ እንግዳ ሁሉን ዝግጁ ሆኖ አገኘው። አንድም ለትሕትናው ነው፤ ትዕቢት ሲመጣበት ትንኝ እንኳ እንደ ቀደመችው ያስብ ዘንድ። ሁለቱን ትርጓሜ አብሮ የያዘ ሰው ሐይቅ ዳር ሲቆም በሐይቁ ላይ አይኮራም፤ አይሰግድለትምም።

ከእሑድ ፍጥረት እንጀምር። አራቱ ባሕርያት እርስ በርሳቸው ጠበኞች ናቸው፤ በፈጣሪ ቸርነት ግን ተስማምተው ይኖራሉ ብለው መምህራኖቻችን ያስተምራሉ። ይህን ቃል በብራና ብቻ የተማረ ሰው ወንጪ ቢወርድ በዓይኑ ያየዋል። ዛሬ ወንጪ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ሥር ነው፤ ነገር ግን ከአምቦ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ የአምቦ ሰውም እንደ ራሱ ደጅ ያየዋል። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። በሆዱ የነበረው የቀለጠ ዓለት ወጥቶ ሲያልቅ ጫፉ ወደ ውስጥ ተደረመሰና ሰፊ ጎድጓዳ ሆነ፤ ዝናብና ምንጭ ጎድጓዳውን ሞሉት። እሳት ቤቱን ሠራ፣ ውኃ ገባበት። በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት የቂርቆስ ገዳም አለ፤ ምእመናን በጀልባ ተሻግረው ይሳለማሉ። በተዳፋቱ ላይ እንሰት ይበቅላል፣ ፈረስ ይወርዳል ይወጣል፣ በሸለቆው ፍል ውኃና ማዕድን ያለበት ምንጭ ይፈልቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። ብዙም ሳይርቅ ደንዲ አለ፤ እርሱም ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ የእሳተ ገሞራ ተራራ ሲሆን በአናቱ ላይ ሁለት ክብ ሐይቆች ተጋጥመው ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት «ይህ በእሳተ ገሞራ የሆነ ከሆነ እግዚአብሔር ፈጠረው እንዴት ይባላል?» ቢል አትቆጡት። ጥያቄው መልካም ነው። ተራራው እንዴት እንደ ተደረመሰ የሚመረምር ዕውቀት አለ፤ እሳትን ከነባሕርይው ያስገኘ ማን እንደ ሆነ የሚያስተምር ሃይማኖት አለ። የመጀመሪያው በትጋት የሚገኝ የአእምሮ ሥራ ነው፤ አእምሮንም የሰጠ እርሱ ነው። መምህር ሆኖ ጂኦሎጂን የሚሳደብ ሰው የፈጣሪን ሥራ ዝርዝር እንዳይነበብ ይከለክላል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ወጣቶቻችንን ያለ በቂ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ያስኮበለለ ነገር ስለ ሆነ።

ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ወደ ነበረችው አምቦ እንመለስና ስለ ውኃው እንነጋገር። በሀገሪቱ ሁሉ ጠርሙሱ ሲከፈት የሚፍለቀለቀውን ውኃ የማያውቅ የለም። ፋብሪካው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ውኃው ግን ከፋብሪካው እጅግ ይቀድማል። ዝናብ ወደ ዓለት ስንጥቅ ሰርጎ ይወርዳል፤ በጥልቁ ከእሳተ ገሞራ ሙቀት ጋር የተያያዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያገኛል፤ ጋዙን የያዘ ውኃ ዓለቱን እያሟሟ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ሌላም ማዕድን ይሸከማል፤ ከዚያ ራሱ እየፈላ ወደ ላይ ይመጣል። ሰው ጋዝ ሳይጨምርበት ነው የሚፍለቀለቀው። በከተማዋም ሰው የሚታጠብበት ፍል ውኃ አለ።

ታዲያ ይህ ውኃ ጠበል ነው? ብዙ ሰው ይህን አደባልቆ ስለሚናገር ቀስ ብለን እንለየው። ውኃ ሁሉ የእሑድ ፍጥረት ነው፤ ሁሉም ስጦታ ነው። ማዕድን ያለበት ውኃ በባሕርይው የሚሰጠው ጥቅም አለ፤ ያም ጥቅም ከፈጣሪ ነው። ጠበል ግን በጸሎት የተባረከ፣ በእግዚአብሔር ፈቃድ ለፈውስ የተሰጠ ውኃ ነው፤ ኃይሉ ከማዕድኑ ብዛት አይለካም። ሶርያዊው ንዕማን በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ የገዛ ሀገሩ ወንዞች ከዮርዳኖስ እንደሚሻሉ ተከራክሮ ነበር። እንደ ውኃ ከታየ ክርክሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል። የተፈወሰው ግን ታዝዞ በወረደበት ውኃ ነው። ስለዚህ ጥሩ ማዕድን ስላለው ብቻ ምንጭን ጠበል ብሎ ማወጅ አይገባም፤ ማዕድን ስለሌለው ጠበልን መናቅም አይገባም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጠንካራ ነገር አለ። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትም ከምድር በእግዚአብሔር የተፈጠረ መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ ክኒን የሚውጥ ሕመምተኛ ጠበል ስለ ጀመረ ክኒኑን ማቆም የለበትም። አቡነ ጳውሎስ በፕትርክናቸው ዘመን የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ አስተምረዋል። መድኃኒቱን አስጥሎ «እምነትህን አሳይ» የሚል ሰው የአንዱን ፈጣሪ ስጦታ ከሌላው ስጦታው ጋር ያጣላል፤ ነፍስም ያጠፋል።

ስለ ወንዞቹ አጭር ነገር ልበል። አዋሽ የሚነሣው ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ነው። ወደ ምሥራቅ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አፋር በረሃ ይገባና በዚያው በሐይቆች ያልቃል፤ ባሕር አይደርስም። የጉደር ወንዝ ደግሞ ከዚሁ ደጋ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከዓባይ ጋር ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ይገባል። በአንድ ክረምት፣ በአንድ ሰማይ ሥር የወረደ ዝናብ ግማሹ የአፋርን ግመል ያጠጣል፤ ግማሹ የግብፅን እርሻ። ለዚህ ነው በቅዳሴያችን ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውኃ የምንጸልየው፤ ያ ጸሎት ለሰፈራችን ማሳ ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ወደ ማክሰኞ እንለፍ። ጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ጫካ በሸዋ ደጋ ከቀሩት ጥንታዊ ደኖች አንዱ ነው፤ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት አሉበት። የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ከመንግሥት ጋር በጋራ የሚያስተዳድሩበት አሠራር በኢትዮጵያ ቀድመው ከተሞከሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ወደ አዲስ አበባ ቀረብ ብሎ የመናገሻ ሱባ ጫካ አለ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የጽድ ችግኝ ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ነገሥታቱ የሚያስተክሉትን ያህል መቁረጥም ነበር። በ1890ዎቹ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ተስፋፋ፤ አዲስ አበባም በቦታዋ ቀረች። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ምእመናን የሚሳለሟት ያቺ ደብር በእንጨት እጦት ምክንያት የተገኘች ናት ማለት ይቻላል።

ዘዳግም ምዕራፍ 20 ከተማ የከበበ ሠራዊት እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆርጥ ያዝዛል። ጦርነት ላይ ያለ ሰው ይህን ከታዘዘ፣ በሰላም ያለ ምእመን ምን ሊል ነው? በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያሉት ጽድና ወይራ በብዙ ወረዳ የቀሩት የመጨረሻ አገር በቀል ዛፎች ናቸው። የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ሲቸግረው እነርሱን ሸጦ ባሕር ዛፍ ቢተክል፣ በተለይም በምንጭ ዳር ቢተክል፣ ውኃውን ይጎዳዋል። ይህን በግልጽ መናገር የመምህር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ ዛፍና ምንጭ አምልኮ እናንሣ። መጽሐፈ ጥበብ ምዕራፍ 13 የፍጥረትን ውበት አይተው ሠሪውን ያላወቁትን ይወቅሳል፤ እሳትን ወይም ነፋስን፣ የውኃን ኃይል ወይም የሰማይን ብርሃናት አማልክት አድርገው ነበርና። ወቀሳው ስለ አደነቁ አይደለም፤ አድናቆታቸው መንገድ ላይ ስለ ቀረ ነው። ሕዝቅያስ ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ ለምን ሰባበረ? በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 እንደምናነበው ሕዝቡ ያጥኑለት ስለ ነበር ነው። በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራ፣ በእርሱም ብዙዎች የተፈወሱበት ነገር ነበር፤ ሲመለክ ግን ተሰበረ። በሸዋ ምድር ይህን ስናስተምር ግን አንደበታችንን እንጠብቅ። ጎረቤቶቻችን የየራሳቸው እምነትና የምስጋና ሥርዓት አላቸው፤ ትምህርቱ የተሰጠን የራሳችንን ልብ እንድንመረምርበት ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪውን ወንድማችንን በአፍ መፍቻ ቋንቋው በፍቅር የምናስተምር እንጂ ባህሉን የምናንቋሽሽ ከሆነ የምንሰብከው ወንጌል አይደለም።

ሐሙስና ዓርብ የእንስሳት ናቸው፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የኢትዮጵያ ደጋ በዙሪያው ሙቅ ቆላ የከበበው ከፍታ ነው። ብርድ የለመደ እንስሳ ቆላውን አቋርጦ ወደ ሌላ ደጋ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ በዘመናት ብዛት በዚሁ ብቻ የሚገኝ ወገን ሆኖ ይቀራል። ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘን እንዲህ ሆነው የእኛ ብቻ ሆኑ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ሁሉ ያለው ቁጥሩ 500 ያህል ቢሆን ነው። በጭሊሞ ጉሬዛ በዛፎች አናት ይዘላል፤ የምኒልክ ስም የተሰጠው ጥቁር ድኩላ በጥሻ ውስጥ ይሸሸጋል። ሶሪት የምትባለው ወፍ ክንፏን ስትዘረጋ የሚታየው ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ነው፤ ሊቃውንቱ መርምረው አግኝተውታል።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ በርጋ ልነግራችሁ እወዳለሁ። በርጋ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ ያለ የሣር ረግረግ ነው። ክረምት ሲገባ ሣሩ ያድጋል፣ ውኃ ይተኛበታል። በዚያ ሣር ውስጥ ክንፏ ነጭ የሆነ አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ ጎጆ ሠርታ ትፈለፍላለች። ስትበር ካልሆነ ነጩ አይታይም፤ መብረርም አትወድም፤ በሣር ሥር ትሮጣለች። በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ በጣት በሚቆጠሩ ረግረጎች ነው፤ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመዝግባለች። በበርጋ እንደምትራባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሠርቷል፤ ገበሬዎቹም በመራቢያዋ ወራት ከብት ወደ ሣሩ እንዳይገባ ለመጠበቅ ተደራጅተዋል። ሣር በጣም በሚፈለግበት ምድር ይህ ቀላል መሥዋዕት አይደለም።

የወፏን የመራቢያ ወር ልብ በሉ፤ ነሐሴ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ከነሐሴ 10 በኋላ ያለውን ጊዜ እጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ብላ ትሰይመዋለች። የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የፍጥረት ሁሉ ዓይን የሚታሰቡበት ጊዜ ነው። ገበሬው ጎተራው ባዶ ሆኖ እሸት የሚጠብቅበት ወቅት ስለ ሆነ ሁሉም ዓይኑን ወደ ሰጪው ያነሣል። አባቶች ስለ ቁራ ሲተርኩ፣ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ መልካቸው ከወላጆቻቸው ስለሚለይ ወላጆቹ ይተዋቸዋል፤ እግዚአብሔር ግን በአፋቸው ዙሪያ በሚሰበሰቡ ትናንሽ ነፍሳት ይመግባቸዋል ይላሉ። ቅዱስ ዳዊት በመዝሙሩ የቁራ ጫጩቶችን ጩኸት የሚሰማ አምላክ ብሎ ያመሰግነዋል። በደጋችን ያለው ታላቁ ቁራ በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚኖር ወፍ ነው፤ በአምቦ ገበያ ዳር በየቀኑ ስለምናየው ብቻ ብርቅ አልመሰለንም።

ታዲያ የበርጋዋ ወፍ ምን ትጠቅማለች? ይህን ጥያቄ ገበሬ ቢጠይቅ እውነተኛ መልስ ይገባዋል። ሣሩን የሚጠብቅ ውኃውን ይጠብቃል፤ ረግረግ ክረምቱን ጠጥቶ በበጋ ቀስ እያለ የሚመልስ ነውና። ይህ አንድ መልስ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ለእኛ ከመጥቀሟ በፊት መልካም ተብላለች የሚለው ነው። ሐሙስ ዕለት ሰው ገና አልነበረም፤ የሐሙስ ፍጥረት ግን መልካም ነበር። ዘዳግም ምዕራፍ 22 ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዝዛል። አዳም እንስሳትን በስማቸው እንዲጠራ ተፈቀደለት፤ በገነትም ሊያበጃትና ሊጠብቃት ተሾመ። ስም ያወጣ ሰው ስሙን ያወጣለትን ነገር ይጠየቅበታል። አንድ ወገን ሲጠፋ ከ22ቱ አንዱ ባይጎድልም፣ በክንፍ ከሚበሩት መካከል አዳም የጠራው አንድ ስም ባለቤት ያጣል።

እንስሳት አስተማሪ መሆናቸውን ቤተ ክርስቲያናችን በቅዱስ ያሬድ ታሪክ ታስረዳለች። ትምህርት አልገባ ብሎት ሲሸሽ፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግሞ የሚወድቅና ደጋግሞ የሚሞክር ትል አይቶ ተጽናና። ዜማውንም ከገነት ከመጡ ሦስት አዕዋፍ እንደ ሰማ እናምናለን። ታላቁ ድጓ ወቅትን ተከትሎ የተሰደረ መሆኑ ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ክረምቱ፣ አበባው፣ በጋው እያንዳንዱ የራሱ ዜማ አለው።

እንግዲህ ወደ ሥዕል ደረስን። ሥዕል በሥነ ፍጥረት ትምህርት ውስጥ ምን አገባው የሚል ይኖራል። ጭቃ፣ ጥላሸት፣ የዛፍ ሙጫ፣ የጥጥ ጨርቅ፣ የእንስሳ ቆዳ የእሑድ፣ የማክሰኞና የዓርብ ፍጥረት ናቸው፤ ሰው ተቀብሎ፣ ሠርቶባቸው ለምስጋና ይመልሳቸዋል። ዘጸአት ምዕራፍ 31 እንደሚናገረው ባስልኤል የደብተራ ኦሪትን ዕቃ ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ ጥበብን ሞላበት። የእጅ ጥበብ የመንፈስ ስጦታ ተብሎ በመጽሐፍ የተጻፈው ስለ አንጥረኛና ስለ እንጨት ጠራቢ ነው። በሀገራችን አንጥረኛንና ሸክላ ሠሪን ስንንቅ የኖርንበት ባህል ከዚህ ምዕራፍ ጋር በፍጹም አይስማማም።

«የማናቸውንም ምስል አታድርግ የሚል ትእዛዝ የለም ወይ?» ለሚል ደግሞ ሁለት ነገር እናስተምራለን። በሲና እስራኤል መልክ አላዩም፤ ስለዚህ ያልታየውን መሣል አልተፈቀደም። ነገር ግን በዚያው ኦሪት ኪሩቤል በታቦቱ ላይ እንዲሠሩ ታዘዘ፤ የተከለከለው ምስልን አምላክ ማድረግ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ቃል ሥጋ ሆነ። የማይታየው ታየ፤ በእጅ ተዳሰሰ። የታየውን መሣል ሥጋዌውን መመስከር ነው። ስለዚህ ለሥላሴ የሚቀርበው የአምልኮ ስግደት ለሥዕል አይሰጥም፤ ለሥዕለ አድኅኖ የምንሰጠው የአክብሮት ስግደት ወደ ባለ ሥዕሉ ያልፋል። ሥጋዌን ያመነ ሰው ግዙፍ ነገር ጸጋን ሊሸከም እንደሚችል አምኗል፤ በጠበሉ የተማርነው በሥዕሉም ይሠራል።

የእኛ ሠዓልያን በአብዛኛው በጥጥ ሸማ ላይ ሥለው ሸማውን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው ሙሉ ሆኖ ወደ ተመልካች ይታያሉ፤ ክፉዎች በአንድ ጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በበሩ መዝጊያዎች ሊቃነ መላእክት ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ። ማንበብ የማይችል ገበሬ በቅድስት ቆሞ ብሉይና ሐዲስን ያነብባል። በብራና መጻሕፍት ላይ ደግሞ ሐረግ የሚባለው ጌጥ አለ፤ የተጠላለፈ ግንድና ቅጠል፣ አንዳንዴም በመካከሉ ወፍ። ብራናው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ተፍቆ ይዘጋጃል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከቅጠል ይሠራል፤ የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም በቀይ ይጻፋል። የቅኔ ቤትም ከዚሁ የጥበብ ወገን ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወልዶ በልጅነቱ ግእዝና ቅኔ መቅመሱን እናስታውስ፤ ይህ ምድር ከውኃው ሌላ ቃልም አፍልቋል።

አዲስ ዓለም ማርያም የምትሄዱ ሰዎች ሙዚየሙን ሳታዩ አትመለሱ። ጫማችሁን አውልቁ፤ ካህናቱን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ፤ በሥዕሉ ላይ የካሜራ መብራት አታብሩበት። ወንጪ ቂርቆስም ስትሻገሩ ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ፕላስቲክ ይዛችሁ የሄዳችሁትን ይዛችሁት ተመለሱ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ከሰበካ ጉባኤ አባላት የሚመጣ ነው። ሥዕላችን ጠቁሯል፣ ተልጧል፤ አዲስ ቀለም ብናስቀባበትስ? በፍጹም አታስቀቡበት። በአሮጌ ሥዕል ላይ የዘይት ቀለም የቀባ ሰው የአባቶችን ምስክርነት ሸፍኖ ያጠፋዋል፤ የተሸፈነውን መመለስ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ሥዕሉን የሚያጠቁረው አብዛኛውን ጊዜ የጧፍና የዕጣን ጢስ ነው፤ የሚያስላጠው ግን ከጣራ የሚወርድ ውኃ ነው። ሸማው ሲርስ ከጭቃው ይለቃል። ስለዚህ ቀለም ለመግዛት የተሰበሰበው ገንዘብ አስቀድሞ ለቆርቆሮውና ለአሸንዳው ይዋል። ከዚያ ለሀገረ ስብከቱና ለቅርስ ባለሥልጣን ደብዳቤ ጻፉ፤ ጥገና የተማረ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ሥዕሉን በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፤ የተላጠውንም ቁራጭ ከወለሉ ላይ ለቅማችሁ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ በዕቃ ቤት አስቀምጡ።